ቫልቮላ በብርማ ወረቀት ለምትጠቀልሉ

ሰሞኑን የጠፋሁት ታምሜ አይደለም። ቅዳሜና እሁዴን የበላችው የአባዬ ቮልስ ናት። ባለፈው ፎቶዋን ስለጥፍ "ቲቸር፣ ሽጣትና ተገላገል" ብላችሁ የጻፋችሁ ልጆች ስማችሁን ይዤዋለሁ። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ መሸጥ ሳይሆን ስለ ሽቦ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጾሙ እንደገባ ነው። አባዬ ከቄራ ወደ ጎፋ ሲመጣ ፍሬቻ አበራ፤ ወዲያው ከዳሽቦርዱ ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው፣ ጭስም ታየው። ልብ በሉ፣ ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የቤንዚን ታንኳ ግን ከፊት፣ ከዳሽቦርዱ ወዲያ ማዶ ነው። ባትሪዋ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። እሳት ቢነሳ ሰውዬው መሃል ላይ ነው ማለት ነው። አባዬ 71 ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱም ያመዋል፣ ዘሎ የሚወርድ ሰው አይደለም። እንደምንም ወርዶ ወንበሩን አንስቶ የባትሪውን ኬብል በፒንሳ ነቀለው። ፒንሳ በር ኪስ ውስጥ መያዝ የድሮ ልማዱ ነው፤ ስንስቅበት ነበር።

ማታ በስልኬ መብራት ሳየው ሦስቱ ቫልቮላዎች በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልለዋል። አንዱ ጭራሽ የለም፤ ቦታው ላይ የተቆረጠ ምስማር ተሰክቷል። ስንት ዓመት እንደዚህ እንደነዳት እግዜር ይወቀው።

እስቲ የ10ኛ ክፍሉን ፊዚክስ እናስታውስ። የግንባር መብራት አንዱ 45 ዋት ነው እንበል። ለ12 ቮልት ሲካፈል 3.75 አምፒር ይመጣል። ነጩ ቫልቮላ 8 አምፒር ነው፣ ቀዩ 16። ስለዚህ ነጩ ለአንድ መብራት ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም። ታዲያ ለምን ይቃጠላል? ወይ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ቦዲ ነክቷል፣ ወይ አንድ ሰው እዚያው መስመር ላይ ቴፕ፣ ተጨማሪ ክላክስ፣ ምናምን ቀጥሎበታል። ቫልቮላው ሲበጠስ ይህንን ነው የሚነግረን። በብርማ ወረቀት ስንጠቀልለው ግን አፉን ዘጋነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ሽቦው ራሱ ነው።

ጥፋቱን በሠራተኞቹ ላይ ብቻ መደፍደፍ አልፈልግም። "በቃ ቀጥታ አድርግልኝ፣ ቸኩያለሁ" የምንለው እኛ ነን። ችግሩን ፈልጎ ሁለት ሰዓት ለሚፈጅ ሰው ገንዘብ መክፈል ያንገበግበናል፤ በአምስት ደቂቃ "ለሚያስነሳልን" ግን እናጨበጭባለን።

ለማንኛውም፣ አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ሙሉ ዋየሪንግ ይዛልኝ መጣች። ለሞዴሉ ተብሎ የተቆረጠ፣ ጫፍ ጫፉ የተገጠመለት፣ ምልክት የተለጠፈበት። ዋጋውን አልናገርም፤ የመምህር ደሞዝ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ኪቱ ሲመጣ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀም።

ጎፋ ውስጥ በዚህ ሙያ ያረጁ አንድ ኤሌክትሪሺያን አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ከሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ጋር ሆነን አራት ቅዳሜ ሠራን። የቋንቋውን ነገር ብታዩት ያስቃል። ጋሼ የሚያወሩት ጣሊያን የተወልንን ነው፦ ማሳ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ፣ ቫልቮላ። የኪቱ ወረቀት እንግሊዝኛ ነው። መኪናዋ ላይ የተጻፈው ደግሞ የጀርመን ቁጥር ነው፦ 30 ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ 15 ቁልፍ ሲዞር የሚመጣ፣ 31 ማሳ። ጋሼ ወረቀቱን አያነቡም፣ እኔ መኪናዋን አላነብም።

እናም እኔ፣ ለ11 ዓመት ስለ ኤሌክትሪክ ያስተማርኩት ሰውዬ፣ ጥቁሩን ሽቦ ከቦዲው ጋር ላስር ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። "መምህር፣ በዚች መኪና ማሳ ቡኒው ነው። ጥቁሩ ከቁልፍ የሚመጣ ነው፤ ወደ ኮይል የሚሄደው ደግሞ ቫልቮላ የለውም።" ጥቁር ኔጋቲቭ ነው ብዬ ነው እኮ ያደግሁት! ባስረው ኖሮ አዲሱ ዋየሪንግ በመጀመሪያው ቀን ይጨስ ነበር። ተማሪዎቼ ሳቁብኝ፤ ይገባኛል።

ባትሪውን መልሰን ከመግጠማችን በፊት ያሳዩን ነገር ደግሞ በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ አላየሁትም። በባትሪው ፖልና በኬብሉ መሃል አንድ የግንባር አምፖል አስገቡ። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሳለ አምፖሉ ቦግ ካለ የሆነ ቦታ ማሳ ነክቷል ማለት ነው፤ አምፖሉ ከረንቱን ስለሚይዘው ግን ምንም አይቃጠልም። ቦግ አለ። ከኋላ የሰሌዳ መብራት ጋ በብሎን የተጨፈለቀ ሽቦ አገኘን። በሰላሳ ብር አምፖል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፦ ጋሼ የሚያውቁት ነገር አንዱም አልተጻፈም፤ እኔ የማስተምረው ሁሉ ተጽፏል፣ ግን ሽቦ ነክቶ አያውቅም። እሳቸው ሥራ ሲያቆሙ ያ ሁሉ አብሯቸው ቤት ይገባል። ስለዚህ የአባዬን መኪና ዲያግራም ጋሼ እየነገሩኝ በአማርኛ ሣልኩት፣ ላሚኔት አስደርጌ ኮፈኑ ውስጥ ለጠፍኩት። ሠርታችሁ የምታስረክቡ ሁሉ ምን እንደቀየራችሁ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ብትሰጡ ምን ይጎድላችኋል? ባለመኪኖችም ወረቀቱን ጠይቁ።

"የድሮ መኪና ጉዳይ ነው፣ ምን አገባን" የምትሉ አትጠፉም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉት ገና ብዙ ዓመት ይቆያሉ። አዲስ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ዋናው ባትሪያቸው በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ነው የሚሠራው። 12 ቮልት ላይ "ቀጥታ አድርገው" የለመደ እጅ እዚያ ሲደርስ ሽቦ ብቻ አይደለም የሚቃጠለው። ቴክኒክና ሙያ የምትማሩ ልጆቼ፣ ይሄን በተለይ ለእናንተ ነው።

አሮጌውን ሽቦ አልጣልኩትም። ሰኞ ክፍል ይዤው እገባለሁ፣ ከነብርማ ወረቀቱ፣ ከነምስማሩ። አባዬ ትናንት እስከ ሳሪስ ነድቶ ተመለሰ፤ ክላክሱ ድምፁ ተቀየረብኝ ብሎ አኩርፏል። የግራው ፍሬቻም ከቀኙ ፈጠን እያለ ነው የሚያበራው። ጋሼ "የኋላው አምፖል ማሳ አልያዘም" ብለዋል፤ ቅዳሜ እንመለስበታለን።