ጨው ለራሱ ሲል ጣፈጠ

ይድረስ ለታሸገ ምግብ አምራቾች፣ ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ የምግብና የጤና ጉዳይ በእጃችሁ ለሆነ ባለሥልጣናት፤

 

ባለቤቴ በ42 ዓመቱ በስትሮክ ከሞተ ሰባት ወር ሆነው። ደም ብዛት እንዳለበት ያወቅነው ድንገተኛ ክፍል ከገባ በኋላ ነው። አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ሐኪም «የልጁስ የደም ግፊት ተለክቶ ያውቃል?» ሲለኝ የሚቀልድ መሰለኝ። ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩት ጤና ጣቢያ ነው። «እህቴ፣ ልጅ ምን ደም ብዛት አለው?» አሉኝ። ስለምናቸው የአዋቂ መለኪያ አመጡ፤ መጠቅለያው ያቺን ቀጭን ክንድ ከትከሻ እስከ ክርን ዋጣት። ከልክ በላይ የሰፋ መጠቅለያ ግፊትን ዝቅ አድርጎ እንደሚያሳይ ያኔ አላውቅም ነበር። «ጤነኛ ነው» ተብዬ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

በኋላ አንዲት የሕፃናት ሐኪም በልኩ መጠቅለያ፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት ለካችው፤ 116 በ76 ገደማ። ለእኔ ቢሆን ደህና የሚባል ቁጥር ነው። የልጅ ግፊት ግን የሚነጻጸረው ከዕድሜው፣ ከጾታውና ከቁመቱ ጋር ነው፤ የልጄ ከመቶ እኩዮቹ የዘጠና አምስቱን አልፎ ተገኘ። በትንሽ ልጅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኩላሊት ስለሆነ እሱን አስመረመረች፤ ደህና ነው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ምን ይበላል?» አለችኝ።

ምሳ ዕቃው ውስጥ ኑድልስ። ከትምህርት ቤቱ ሱቅ ቺፕስ። ማታ አባቱ ሲገባ ደግሞ «ምን አመጣህልኝ?» ብሎ የኮቱን ኪስ ይፈትሽ ነበር፤ ከዚያ ኪስ ቺፕስ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። በለቅሶው ሰሞን እንኳ ድንኳኑ ውስጥ እንዳያለቅስ ጎረቤቱ ሁሉ ያስያዘው ያንኑ ነበር።

አምራቾች ሆይ፣ ያን ቀን ማታ የኑድልሱን መጠቅለያ መብራት ሥር ይዤ አነበብኩ። «ሶዲየም 900 ሚሊግራም» ይላል፤ ጨው የሚል ቃል የለም። ሶዲየሙን በ2.5 ሳባዛው ከ2 ግራም በላይ ጨው ወጣ። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ከ4 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ3 ግራም እንዳያልፍ ይመክራል። ከቀኑ ጨው ሦስት አራተኛው በአንድ ምሳ ዕቃ አለቀ ማለት ነው። ሶዲየም ውኃን ሰውነት ውስጥ ይይዛል፤ በደም ሥር የሚዞረው ፈሳሽ ሲበዛ ግፊቱ ይጨምራል። ኩላሊት ትርፉን እንዲያስወጣ የሚያግዘው ፖታሲየም ያለው ሙዝ፣ ድንች፣ ጎመንና ባቄላ ውስጥ ነበር፤ በቺፕስ የጠገበ ልጅ ግን ለጎመን ሆድ የለውም።

አበው ጨውን «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይሉታል። የእናንተ ጨው ምክሩን ሰምቶ ለራሱ ሲል ጣፍጧል።

«የልጅ ነገር ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» አትበሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1980 ኔዘርላንድ ውስጥ የተወለዱ 476 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ለስድስት ወር ሶዲየሙ የተቀነሰ ምግብ ተሰጠው። በስድስተኛው ወር የላይኛው ግፊታቸው ከሌሎቹ በ2.1 ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከ15 ዓመት በኋላ ከሁለቱም ወገን 167ቱ ተፈልገው ሲለኩም ልዩነቱ አልጠፋም።

የባሌን ሞት በእናንተ ጨው ብቻ አላሳብብም። ዘር አለ፤ ሳይለካ የኖረበት ዘመንም አለ። እኔም አለሁበት፤ ልጄን ጥርስ ሳያወጣ ጀምሮ ከራሳችን ድስት አጉርሼዋለሁ። ልዩነታችን ይህ ነው፦ እኔ በእጄ ቆንጥሬ ሳላውቅ አደረግሁት፤ እናንተ በሚሊግራም መዝናችሁ።

ባለሥልጣናት ሆይ፣ በጨው ላይ ሕግ ማውጣት ታውቁበታላችሁ። ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው አዛችኋል፤ ደግ አደረጋችሁ፤ እኔም የምገዛው እሱን ነው። ታዲያ ጨው ምን እንዲይዝ ማዘዝ የቻለ፣ ምግብ ውስጥ ምን ያህል እንዲገባ ማዘዝ እንዴት አቃተው? ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በ100 ግራም ዳቦ ውስጥ ሶዲየም ከ400 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ደነገገች፤ በ2019 ወደ 380 አወረደችው። ቺሊም በዚያው በ2016 ሶዲየም የበዛበት ምግብ ፊቱ ላይ ጥቁር ምልክት እንዲለጠፍበት፣ ትምህርት ቤት ውስጥም እንዳይሸጥ አደረገች።

የምለምናችሁ ከዚህ አይበልጥም። የጨዉ መጠን በአማርኛ፣ ከፊት ለፊት፣ በሚነበብ ፊደል ይጻፍ። የትምህርት ቤቱ ሱቅ ቆሎና ሙዝ ይሽጥ። በየጤና ጣቢያው አንድ የልጅ መጠቅለያ ይግባ፤ «ልጅ ምን ደም ብዛት አለው» የሚለውም ቃል ይቅር።

እኛ ቤት ጨው አሳንሰናል። በመጀመሪያው ሳምንት ልጄ ሽሮውን ገፋው፤ አሁን ጠርጎ ይበላል። ምላስ እንደተማረ ሁሉ ይረሳል።

ባለፈው ሳምንት የባሌን ልብስ ለሰው ልሰጥ የኮቱን ኪስ ስፈትሽ ያልተከፈተ ቺፕስ አገኘሁ። ለልጄ አልሰጠሁትም። አባቱ ያመጣለት የመጨረሻው ነውና መጣልም አልቻልኩም። አንድ ቀን አግኝቶት «ለምን ደበቅሽኝ?» ይለኛል። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ደቃቅ ነው፤ ያን ቀን መጥቶ የሚያነብለት ከእናንተ ማን ነው?

የአንድ የስድስት ዓመት ልጅ እናት
አዲስ አበባ