ታሪኩን ያቆየችልን እናት

ደብረ ታቦር ላይ ጎረቤት ለጎረቤት ቡና ስንጠራራ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል የሚያወራው የሐበሻውን ንጉሥ የነጃሺን ታሪክ ነው። ከመካ ከተሰደዱት ሙስሊሞች አንዱ የሆነው ጀዕፈር ከንጉሡ ፊት ቆሞ ከሱረቱ መርየም እንደቀራ፣ ንጉሡም ጺሙ እስኪርስ እንዳለቀሰ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ይህን ማን ነገረን ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። የነገረችን እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናት። እ.ኤ.አ. በ615 በጀመረው ስደት ከባሏ ከአቡ ሰለማ ጋር ባሕር ተሻግራ ሐበሻ ገባች፤ ኢብን ኢስሐቅ የመዘገበው የዚያ ችሎት ወሬም ከእሷ የተወሰደ ነው።

አቡ ሰለማ ከሞተ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አገቧት። በ628 ሁደይቢያ ላይ ሰሃቦቹ ከመካ ሰዎች ጋር በተደረገው ስምምነት አዝነው እረዱ፣ ተላጩ ሲባሉ አልነሳ አሉ። ነቢዩ ወደ ድንኳኗ ገቡ። ማንንም ሳያናግሩ ወጥተው ራሳቸው እንዲያርዱና እንዲላጩ መከረቻቸው። ወጡ፣ አደረጉ፤ ያ ሁሉ ሰው ተነስቶ ተከተላቸው።

ይህን ያስነሳኝ በቅርቡ ከዓረብ አገር የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ ናት። በሰው ቤት ስትሠራ ዓርብ ዓርብ ለሴቶች ተፍሲር የምታስተምር ሴት ዘንድ ትሄድ ነበር።

«እትዬ፣ እኛ ጋ ለምን የለም?» አለችኝ።

አጠገባችን የነበረ ሰው «ሴት ለሴት ምን ልታስተምር ነው?» ብሎ አፏን አስያዛት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሞሮኮ እኮ ከ2003ቱ የካዛብላንካ ጥቃት በኋላ በ2006 ሃምሳ ሴቶችን አሠልጥና ሙርሺዳት ብላ አሰማርታለች። ሶላት አያሰግዱም፤ መስጊድ፣ እስር ቤትና ሆስፒታል እየገቡ ዲን ያስተምራሉ፣ ይመክራሉ። ያን ያህል ርቆ መሄድም አያስፈልግም። ከጉና ወደ ምሥራቅ፣ ወሎ ውስጥ፣ ዱበርቲ የሚባሉ ሴቶች ወዳጃ በሚባለው የዱዓ ጉባኤ ተቀምጠው ዱዓ ይመራሉ። አርሲ ፋራቀሳ ላይ ደግሞ በ1929 ያረፈችው ሴቲ ሞሚና አለች፤ ዛሬም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይዘይራታል። አንዳንዱ ዑለማ ዚያራውን ይቃወማል፤ እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ሴቲቱን ሕዝብ እንደ መሪ መቀበሉን ግን ማንም አይክድም።

እኔን ፋቲሓ ያስቀሩኝ እንዝርት እያሾሩ የነበሩ አንዲት አሮጊት ናቸው። አንዲት ፊደል ስሳሳት እንዝርቱ ቀጥ ይላል። የስንቱን ቤት ልጅ እንዳስቀሩ አላህ ያውቃል። ሲሞቱ ግን «ደግ ጎረቤት ነበሩ» ተባለ እንጂ «መምህር ነበሩ» ያለ ሰው አልሰማሁም፤ እኔም አላልኩም።

ያቺ ልጅ አሁን ሐሙስ ከሰዓት በቤቷ ሴቶች ታስቀራለች። ባለፈው ስሄድ ደጅ ላይ ሰሌን አንጥፈው የተቀመጡ ነበሩ። የመስጊዳችን ሽማግሌዎች አንዲት ክፍል ቢሰጧት፣ ዝናቡ ሳይገባ ቢሆን ደስ ይለኛል።