ደመወዙ የማን ነው?

በጦር ሰፈር ኑሮ ባልና ሚስትን ከሚያጋጩ ጉዳዮች መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዘው የደመወዝ ነገር ነው። ወታደሩ ከግዳጅ ቀጣናው ለፈቃድ ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በናፍቆት ያልፋሉ፤ በሦስተኛው ቀን «የላክሁት ገንዘብ የት ገባ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ባለቤቱ የቤት ኪራዩን፣ የጤፉን፣ የልጆቹን ደብተርና ጫማ፣ የዕድሩንና የዕቁቡን ትቈጥራለች። እርሱም «በደሜ ያገኘሁት ገንዘብ ነው» ሲል ይመልሳል። ነገሩ ከሒሳብ ወደ ጠብ፣ ከጠብም አንዳንድ ጊዜ ወደ ፍርድ ቤት የሚያመራው ከዚህ ቃል በኋላ ነው። ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ዓምዳችን የሚመረምረው ይህንኑ ቃል ነው።

ቃሉ የቈየ ታሪክ አለው። በቀድሞው ዘመን ከቍርባንና ከሰማንያ ጋብቻ ሌላ የደመወዝ ጋብቻ የሚባል ነበር። ከቀየው ርቆ የሚሰነብት ወታደር ወይም ነጋዴ፣ ቤቱን የምትይዝለትን ሴት ለተወሰነ ጊዜ በተወሰነ ክፍያ ያገባ ነበር። በዚያ ውል ሴቲቱ የተስማማችበትን ክፍያ ታገኛለች እንጂ የባሏ ወራሽ አትሆንም። ዛሬም ሚስቱን ቤት ጠባቂ፣ ራሱን ከፋይ አድርጎ የሚቈጥር ባል፣ በሰማንያ ያገባ ቢሆን እንኳ በአስተሳሰቡ ከዚያ ውል አልወጣም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ነበር። ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው፣ የጋራ መኖሪያውን እርሱ እንዲመርጥ፣ ከሚስት የሥራ ገቢ በቀር የጋራውን ሀብት እርሱ እንዲያስተዳድር ደንግጓል። የጋብቻው ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት ልጅ ግን 15 ዓመት ነበር። ይህ ድንጋጌ በወታደር ቤት እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ እስቲ እናስብ። የበላዩ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ምሽግ ውስጥ ነው፤ የታመመውን ልጅ ሐኪም ቤት የምትወስደው፣ ከአከራዩ ጋር የምትከራከረው፣ ብድሩን የምትከፍለው ሚስት ናት። ማናቸውም አዛዥ ጣቢያውን ለቆ ሲሄድ ለምክትሉ ኀላፊነቱን ከነሥልጣኑ ያስረክባል። ኀላፊነቱን ሰጥቶ ሥልጣኑን በኪሱ ይዞ የሄደ አዛዥ፣ ሲመለስ ጣቢያውን በሥርዓት ቢያጣው ሊወቅስ የሚገባው ማንን ነው?

ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቍጥር 213፣ ይህን ለውጦታል። ዕድሜው ለሁለቱም 18 ሆነ፤ የበላይነቱ ቀርቶ ቤቱን በመመካከር የሚመሩ ሁለት እኩዮች ሆኑ። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጡ በመሆናቸው የየአካባቢውን መመልከት ያስፈልጋል። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ባልም ሆነ ሚስት በጋብቻ ውስጥ ሠርተው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው። ደመወዙን እያንዳንዱ በስሙ ሊቀበልና በባንክ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ በስሙ መቀመጡ ግን የግሉ አያደርገውም። እንግዲህ «በደሜ ያገኘሁት» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም መልስ አይደለም።

ሕጉ ለሚስትም ገደብ አለው። ባል በሌለበት የጋራውን ቤት መሸጥ ወይም ማከራየት፣ ከ500 ብር በላይ መበደር ወይም ማበደር የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። (500 ብር በ1992 ዓ.ም. ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ በዚህ ቍጥር የሚታዘዝ ቤት ቢኖር በየገበያው ቀን ስምምነት መፈራረም ሊኖርበት ነው።)

አንዳንድ ጓደኞቻችን ፍቺን ያበዛው ይህ ሕግ ነው ይላሉ። አልቀበለውም። በደገኛው ሕዝባችን ዘንድ ፍቺ ሕጉ ከመውጣቱ አስቀድሞም የተለመደ ነበር። የተለወጠው ዳኛው ነው። በ1952ቱ ሕግ የፍቺን ጥያቄ የሚመለከቱት የቤተ ዘመድ ሽምግልና ዳኞች ነበሩ፤ አሁን ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ሲሆን ሽማግሌዎች ለማስታረቅ ይቀመጣሉ። ፍርድ ቤቱም ተጋቢዎቹ ረጋ ብለው እንዲያስቡ ከሦስት ወር የማይበልጥ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። የፈቃድ ዘመኑ ሦስት ሳምንት የሆነ ወታደር በቍጣ የጀመረውን ክስ ሳይጨርስ ወደ ምድቡ ይመለሳል ማለት ነው።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው የጠፋ ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲወሰን ማመልከት ይቻላል፤ ውሳኔው ከተሰጠ ጋብቻው ይፈርሳል። በስንፍና ደብዳቤም ስልክም ያቋረጠ ባል ይህን ልብ ይበል። በምድብ ቦታው ሁለተኛ ጎጆ የቀለሰም እንዲሁ። ሕጉ በጋብቻ ላይ ጋብቻን ይከለክላል።

ስለዚህ የመዝመቻ ትእዛዝ የደረሰው የሠራዊት አባል ጓዙን ከመሸከፉ በፊት አንድ ምሽት ከባለቤቱ ጋር ይቀመጥ። በየወሩ ምን ያህል እንደሚላክ፣ ከዚያ ምን ያህል እንደሚቈጠብ፣ ድንገተኛ ሕመም ቢመጣ ከየት እንደሚወጣ በወረቀት ይጻፉ። የጋራ ሀብታቸውን ከሁለቱ አንዱ ብቻውን እንዲያስተዳድር መስማማትን ሕጉ ይፈቅዳል፤ ውክልናውም በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይሰጣል። ሁለቱም መታወቂያቸውን ይዘው ይቅረቡ፤ ከወረቀቱም አንዱ ቅጂ በሚስት፣ ሌላው በወታደሩ እጅ ይሁን።