ካሜራው ጎታቹ ላይ፣ ጭነቱ ተሳቢው ላይ

ዛሬ ከዋጋው በፊት ስለ መንገዱ ላውራ።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የመጣ ጥያቄ አለ፦ «ባለንብረቶቹ መኪናቸው ላይ ካሜራ እንዲገጥሙ በውል ብናስገድዳቸው ጉድለት ይቀንሳል ወይ?» ከጠየቁኝ ውስጥ ላኪዎች አሉ፣ የዩኒየን ሰዎችም አሉ። መልሴ፦ ይቀንሳል፣ ግን አብዛኞቻችሁ ባሰባችሁት ቦታ አይደለም። ጋቢና መስታወት ላይ አንድ ካሜራ ለጥፎ «አሁን ጭነቴ ተጠበቀ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ቡና ይይዛል፣ 19.2 ቶን ማለት ነው። ፓውንዱን በ3 ዶላር ብናስበው አንዱ ጆንያ ወደ 397 ዶላር፣ ኮንቴይነሩ ደግሞ ወደ 127 ሺህ ዶላር ይመጣል። አብዛኛው ቡናችን የሚሸጠው በኤፍኦቢ ጅቡቲ ስለሆነ መርከብ ላይ እስኪወጣ ድረስ ያለው አደጋ የሻጩ ነው። ሚሌ ላይ የተፈጠረው ነገር ገዢውን አያገባውም። ስለዚህ የአንድ ጆንያ ዋጋ ደህና ካሜራ ከነመግጠሚያው ይገዛል፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ካሜራው ምን ያያል የሚለው ላይ ነው።

የፊት ካሜራ የሚያየው መንገዱን ነው። ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። ግጭት ሲደርስ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ ሰዓታት ያልፋሉ፣ መኪኖቹ ከቦታቸው ይነሳሉ፣ ምስክር ነኝ የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ የሰፈሩ ሰው ነው። ከሩቅ የመጣው ባለ ተሳቢ ደግሞ ገና ከጅምሩ ጥፋተኛ ተደርጎ ይታያል። መኪናው ጣቢያ ሲታሰር ጭነታችሁም አብሮ ይታሰራል፣ መርከቡ ግን አይጠብቅም። ባለፈው ዓመት ጭነቱን የምከታተለው አንድ ተሳቢ አዋሽን አለፍ ብሎ ከሚኒባስ ጋር ተነካካ። ሚኒባሱ መስመር ስቶ ሲገባ የሚያሳይ የ40 ሴኮንድ ቪዲዮ ነበረ። ቪዲዮው ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፣ ፕላኑን ግን ያነሳው ፖሊስ አየው፣ የመድን ሰዎችም አዩት፣ መኪናው በማግስቱ ተለቀቀ። ያ ቪዲዮ ባይኖር ስንት ቀን እንደምንቆም የመስመሩ ሰው ያውቀዋል።

ሌብነቱ ግን ከኋላ ነው። ከጅማ መስመር የሚመጣ ቡና ግቤን ሲወጣ፣ ከመተማ በጎጃም የሚመጣ ሰሊጥ አባይ በረሃን ሲወጣ፣ ሙሉ የጫነ ተሳቢ በሰው እርምጃ ነው የሚሄደው። ሸራ የሚቀደደው፣ ገመድ የሚበጠሰው እዚያ ነው። የፊት ካሜራ በዚያ ሰዓት የሚቀርጸው ዳገቱንና የቀደመውን መኪና ጭስ ብቻ ነው። የኋላ ካሜራ ተሳቢው ጫፍ ላይ ማድረግ ይቻላል፣ ችግሩ ጎታችና ተሳቢ መለያየታቸው ነው። ተሳቢው በተቀየረ ቁጥር ገመዱ ይነቀላል፣ አንድ ቀን ሳይሰካ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አያስታውሰውም። በእኔ ግምት የሚሻለው በግራና በቀኝ የጎን መስታወት ሥር ወደ ኋላ የሚያዩ ሁለት ካሜራዎች ማድረግ ነው። ጎታቹ ላይ ስለሆኑ አይነቀሉም፣ የተሳቢውን ሁለት ጎን ከነሸራው ያሳያሉ። የመጨረሻውን ጫፍ አያዩም፣ ግን ወደ ላይ የሚወጣውን ሰው ያያሉ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው መኪና ሲገለበጥ ሳይሆን ከተገለበጠ በኋላ ነው። መኪናው ጎኑ ላይ ተኝቷል፣ ባትሪው ተቋርጧል፣ ካሜራው ጠፍቷል። ሹፌሩ ሆስፒታል ወይ ጣቢያ ነው። ጭነቱ መሬት ላይ ነው። ከዚያ ክሬን ይጠራል፣ ሌላ መኪና ይመጣል፣ ጆንያ ይዘዋወራል። ስንቱ የተቀደደ፣ ስንቱ የራሰ፣ ስንቱ ደህና ሆኖ የተነሳ ነው? አዲስ አበባ ወይ ጅቡቲ ሲቆጠር ጉድለቱ ሁሉ «በአደጋው የጠፋ» ተብሎ ይጻፋል። የመድን ገማቹ የሚደርሰው ቦታው ከተጠረገ በኋላ ነው፣ እናንተም ማስረጃ የላችሁም።

ስለዚህ ካሜራ መግጠም ያለበት ማን ነው ካላችሁኝ፣ ከጫነው መኪና እኩል ጎትቶ የሚያነሳው ክሬን ነው እላለሁ። ክሬኑ ሞተሩ እየሠራ ይደርሳል፣ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ፊቱን ወደ ወደቀው መኪና ያዞራል። ከመንጠቆው በፊት 10 ደቂቃ፣ ጭነቱ ተዘዋውሮ እስኪያልቅ ድረስ ያለው ሁሉ ቢቀረጽ፣ ስንት ጆንያ ከየት ወደ የት እንደሄደ ይታያል። የክሬን ባለቤቶችንም ይጠቅማል፤ «ስታነሱ ሰበራችሁት» እየተባሉ ያላጠፉትን የሚከፍሉ አሉ። ማህበራትና ዩኒየኖች አደጋ ሲደርስ የሚጠሯቸው ክሬኖች ይታወቃሉ፣ ቁጥራቸውም ብዙ አይደለም። ከነሱ ጋር አስቀድሞ መስማማት ከ200 ሹፌር ጋር ከመጨቃጨቅ ይቀላል።

ቀጥሎ ካርዱ። ካሜራ ገዝተው ካርዱን የሚረሱ ብዙ ናቸው። 64 ጊጋባይት ካርድ በሙሉ ኤችዲ ጥራት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ብቻ ይይዛል፣ ከዚያ አሮጌውን እየሰረዘ በላዩ ይቀርጻል። ከአዲስ አበባ በጋላፊ ጅቡቲ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው፣ መኪናው መንገድ ላይ ያድራል። ጅቡቲ ደርሶ ጉድለት ሲገኝ የአዳማው ቪዲዮ የለም። 256 ጊጋባይት አድርጉት። ግጭት ሲሰማው ቪዲዮውን እንዳይሰረዝ የሚቆልፈው መሣሪያም ፒስታ መንገድ ላይ በየጉድጓዱ እየቆለፈ ካርዱን ይሞላዋል፣ ስሜቱ ዝቅ ይበል። ቀንና ሰዓቱ ይስተካከል፤ በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት የደረሰ አደጋ ካሜራው ላይ 9 ሰዓት ሲል መከራከሪያ ይሆናል። የአፋር ሙቀት ደግሞ ሊቲየም ባትሪ ያሳብጣል፣ በካፓሲተር የሚሠራውን ጠይቁ። የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ 24 ቮልት መሆኑን የማያውቅ ገጣሚ ካጋጠማችሁ ካሜራው የመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል።

ስለ ሹፌሩ ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። አንዳንድ ላኪ «ወደ ውስጥ የሚያየውም ይገጠም» ይላል። አልስማማም። ጋቢና የሹፌሩና የረዳቱ መኝታ ቤት ነው፣ ይበሉበታል፣ ይተኙበታል፣ ከቤተሰባቸው ጋር ይነጋገሩበታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የሰው ምስል የግል መረጃ ነው፣ ሳይነገረው የሚቀረጽ ሰው ነገ ሊከሳችሁ ይችላል። ኬላ ላይም ካሜራ ሲያይ ፊቱ የሚለወጥ ሰው አለ፤ ለምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዱላው የሚያርፈው ሹፌሩ ላይ ነው እንጂ አዲስ አበባ ቢሮ የተቀመጠው ላይ አይደለም። ስለዚህ ሹፌሩ ካሜራውን የሚያጠፋበት መብት የት የት እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ። ወታደራዊ ካምፕና ወደብ አካባቢም መቅረጽ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ከሁሉ በላይ ቪዲዮው የሁለቱም ይሁን። ጉድለት ሲገኝ ባለጭነቱ ብቻ የሚያየው፣ ሹፌሩ ነፃ የሚወጣበት ቪዲዮ ሲኖር ግን «ካርዱ ተበላሽቷል» የሚባልበት ካሜራ ከሆነ፣ ሹፌሮች በሳምንት ውስጥ ሸፍነውት ይሄዳሉ፤ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እሸፍነዋለሁ። ጭነት ሲራገፍ ቅጂው እዚያው ለሹፌሩም ለተረካቢውም ይሰጥ።

«ካሜራ ካለው የጭነት ኪራይ ይቀንስልን» ለምትሉ፦ አይቀንስም። ኪራዩን የሚወስነው ናፍጣው፣ ጎማውና የወደቡ ወረፋ ነው። እንዲያውም ባለንብረቱ ካሜራውን በራሱ ገንዘብ ግጠም ከተባለ ኪራዩ ላይ ጨምሮ ይመልሰዋል። ባለጭነቱ ገዝቶ ቢሰጥ ይረክሳል ባይ ነኝ።

አዲሱ ምርት መጫን ሳይጀምር ውላችሁን አውጥታችሁ እዩት። ስለ ካሜራ የሚል አንቀጽ ካለው ካርዱ በማን እጅ እንደሚቆይና ክሬን ሲጠራ ማን እንደሚቀርጽ ይላል ወይ? የጻፋችሁት ካላችሁ ስም አጥፍታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ጥሩውን እዚህ እለጥፈዋለሁ። የዛሬው የዋጋ ዝርዝር እንደተለመደው ማታ ይወጣል።