አፍ ሲቃጠል ውሃ መፍትሄ አይደለም፤ «ተዉት፣ ይልመደው» ማለትም እንዲሁ!



የበዓል ገበታ ቀርቧል እንበል። የአራት ዓመቱ ልጅ ከአጎቱ እጅ በርበሬ የበዛበት የዶሮ ወጥ ጉርሻ ይጎርሳል። ወዲያው ፊቱ ይቀላል፣ እንባው ይወርዳል፣ ምላሱን አውጥቶ ይጮኻል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። አንዱ «ቶሎ ውሃ ስጡት!» ይላል። ሌላው ደግሞ «ተዉት፣ ይልመደው፤ ወንድ ልጅ አይደል እንዴ!» ይላል።

እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ።

በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ቃሪያ የሚያቃጥሉት ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ስላላቸው ነው። አፋችን ውስጥ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀት ሲነካቸው ለአንጎል «ተቃጠልኩ» የሚል መልእክት የሚልኩ የነርቭ ተቀባዮች አሉ። ካፕሳይሲን ሲነካቸውም የሚልኩት ያንኑ መልእክት ነው። ይህን ተቀባይ ያገኙት ተመራማሪ ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ስለዚህ ልጁ እየተሞላቀቀ አይደለም። በእርግጥ አሞታል።

ውሃስ ለምን አይረዳም? ካፕሳይሲን በዘይትና በስብ እንጂ በውሃ በደንብ አይሟሟም። ውሃ ለአፍታ ያቀዘቅዛል፣ ማቃጠሉ ግን ተመልሶ ይመጣል። የለስላሳ መጠጥ ጋዝ ሊያባብሰው ይችላል፤ ትኩስ ሻይም እንዲሁ። ለአዋቂዎችም ቢሆን ቢራ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ አያድናችሁም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

✅ ቀዝቃዛ ወተት፣ እርጎ ወይም አይብ ስጡት። ወተት ውስጥ ያለው ኬዚን የተባለ ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞ ያነሳዋል። ከመዋጡ በፊት አፉ ውስጥ ትንሽ ቢያቆየው ይበልጥ ይረዳል። እናቶቻችን ከዶሮ ወጥ ጎን አይብ ማቅረባቸው ለጣዕም ብቻ አልነበረም።

✅ ጾም ከሆነ ወይም ወተት የማይስማማው ከሆነ፣ ትንሽ ስኳር ምላሱ ላይ አድርጉለት። ዳቦ ወይም ወጥ ያልነካው እንጀራ ማኘክም ያስታግሳል።

✅ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ጡት አጥቡት። ማር ግን በፍጹም አትስጡት።

✅ እጁን በሳሙና እጠቡት፤ ዓይኑን እንዳያሽ ጠብቁት። ዓይኑ ውስጥ ከገባ ግን እዚህ ላይ ውሃ ያስፈልጋል፦ በብዙ ንጹህ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቡት። ካልተሻለው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አሁን ወደ «ይልመደው» ልመለስ። «እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ልጅ ቅመም ይለምዳል። የሚለምደው ግን በትንሽ በትንሹ፣ ራሱ ፈልጎ ሲቀምስ ነው። አስገድደን ስናጎርሰው እያለቀሰ ምግቡ ትን ሊለውና ሊያንቀው ይችላል። ከዚያም በላይ፣ አሞት ሲጮህ የምንስቅበት ልጅ ነገ ሌላ ቦታ ሲያመው አይነግረንም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ በርበሬን ለቅጣት መጠቀም ነው። «ተሳደበ» ተብሎ አፉ ላይ በርበሬ የሚደረግበት፣ «አጠፋ» ተብሎ በበርበሬ ጭስ የሚታጠን ልጅ አለ። ይህ ሥርዓት ማስያዝ ሳይሆን ጉዳት ማድረስ ነው። ጭሱ የመተንፈሻ ቧንቧን ያጠባል፤ አስም ላለበት ልጅ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ጎረቤት ሲያደርገው ካያችሁም ዝም አትበሉ።

⚠️ መቼ ሐኪም ጋር እንሂድ?
ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ድምፁ ከተዘጋ ወይም መተንፈስ ከከበደው አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ልጅም ሆነ አዋቂ የሚያቃጥል ነገር ሳይበላ አፉን ከሁለት ሳምንት በላይ ካቃጠለው፣ የማይድን ቁስል ወይም ነጭ ነገር ካለበት መመርመር አለበት። የብረት ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ፈንገስ ወይም ሌላ ችግር ሊሆን ይችላል።

በሚቀጥለው በዓል ለልጆች በርበሬ ያልበዛበት ወጥ ለይታችሁ አስቀሩ፤ አይቡን አጠገባቸው አድርጉ። ልጁ ካለቀሰ ደግሞ አትሳቁበት፤ እቀፉት።

ለሌሎች ወላጆችም ያጋሩ። ጤና ለሁላችን!