«ሸፍኚው እንጂ!»

ረፋድ ላይ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል። ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛቸውን አራግፈዋል፤ አባ ኮዳዎች የተጣለውን የዓሣ ሆድ ዕቃ ይሻማሉ። ዋርካው ጥላ ሥር አንዲት ወጣት እናት የሁለት ወር ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሕፃኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል፣ የሱፍ ኮፍያ ደፍቷል፣ ፊቱ ላይ ነጠላ ተጥሏል። ነጠላውን ገለጥ ስታደርገው ፀጉሩ በላብ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። በዚያ የሚያልፉ አንዲት ባልቴት ግን፣ «ምነው ልጄ፣ ሸፍኚው እንጂ! ብርድ ይመታዋል፤ የሰው ዓይንም አለ» ይሏታል። ነጠላው ይመለሳል።

ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ አይደለም። ቃሉ የሚነገረው በፍቅር ስለሆነ እምቢ የሚለው የለም። አማት ይሉታል፣ ጎረቤት ትለዋለች፣ ባጃጅ ላይ አብራ የተሳፈረች የማትታወቅ ሴትም ትለዋለች። ግን ስሕተት ነው፤ ሕፃኑ ሲተኛ ደግሞ አደገኛ ስሕተት።

ትልቅ ሰው ተኝቶ አፍንጫው ቢሸፈን ይገላበጣል፣ ጨርቁን ገፍቶ ይጥላል። የሁለት ወር ልጅ ይህን አይችልም። ፊቱ ላይ የወደቀ ጋቢ ወይም የተደገፈ ትራስ ያስወጣውን የተቃጠለ አየር መልሶ እንዲስበው ያደርገዋል። ሰውነቱ ተጠቅልሎ ራሱም ሲሸፈን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ድንገተኛ የጨቅላ ሞትን የመረመሩ ጥናቶች ራስ መሸፈንንና ከመጠን ያለፈ ሙቀትን ከአደጋዎቹ መካከል ይቆጥሯቸዋል። እጁ ቀዘቀዘ ብሎ መደረብም አይበጅም፤ መዳሰስ ያለበት ማጅራቱና ደረቱ ነው።

«ብርድ ይመታዋል» ሲባል በአብዛኛው የሚፈራው የሳንባ ምች ነው። የሚያሳዝነውም እዚህ ላይ ነው። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት የኢትዮጵያ ጥናት፣ የሳንባ ምች የያዛቸው 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር ተነጻጽረዋል። የሳንባ ምች ከያዛቸው 210ሩ ሪኬትስ የተባለው አጥንት የሚያለሰልስ በሽታ ነበረባቸው፤ ካልያዛቸው ግን 20ዎቹ ብቻ። ሪኬትስን የሚያመጣው በዋናነት የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው፤ ቫይታሚኑን ደግሞ ሰውነት የሚሠራው በፀሐይ ነው። የሳንባ ምች እንዳይይዘው ተጠቅልሎ ቤት የተዘጋበት ልጅ ለዚያው ለሳንባ ምች ሊጋለጥ ይችላል ማለት ነው።

የእናቶችን ምክር መተቸት ድፍረት የሚመስለው ካለ፣ ሐኪሞችም ተሳስተው እንደነበር ያስታውስ። ዝነኛው አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ቤንጃሚን ስፖክ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሕፃን በሆዱ እንዲተኛ መከሩ፤ ብዙ ወላጆችም ሰሟቸው። ስሕተቱ ታወቀና አሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ስትጀምር፣ ድንገተኛ የጨቅላ ሞት በጥቂት ዓመታት በግማሽ ገደማ ቀነሰ።

የውጭው ምክር ግን እንዳለ አይገለበጥም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕፃኑ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ነገር ግን በራሱ አልጋ ይተኛ ይላል። የራሱ ጠጠር ያለ ፍራሽ ካለው በእርግጥ ይመረጣል። በአንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ሌሊቱን ሙሉ እያጠባች የምታድር እናትን «አልጋ ግዢለት» ማለት ግን ምክር አይሆንም። እሷን የሚጠቅማት ትራሱን አርቂ፣ ጋቢሽን አታልብሺው፣ በጀርባው አስተኚው፣ ጠጥቶ የገባ አባት አጠገቡ አይተኛ መባል ነው። ይህንንም ለ45 ቀን ክትባት ስትመጣ ጤና ጣቢያው ይንገራት፤ አማቷም አብረው ይስሙ። ሐይቁ ዳር ወባ አለና አጎበሩ ይዘርጋ፤ ነጠላው ግን ከፊቱ ላይ ይነሣ።