ቀጋ የክልል አበባ ይሁን

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 የፌዴሬሽኑ አባላት የየራሳቸው ሰንደቅ ዓላማና አርማ ሊኖራቸው እንደሚችል፣ ዝርዝሩንም በየምክር ቤቶቻቸው እንደሚወስኑ ይደነግጋል። ይህ ሥልጣን አበባንም ለመሰየም ይበቃል። የአማራ ክልል ምክር ቤት ቢጠቀምበትና ቀጋን የክልሉ አበባ አድርጎ ቢሰይም ተገቢ ነው እላለሁ።

ቀጋን የማያውቅ የደጋ ልጅ የለም፤ የሚያውቀው ግን በእሾሁና በፍሬው ነው። ቆልማማው እሾህ ልብስ ከያዘ አይለቅም፤ ገበሬው ለአጥር የሚፈልገውም ለዚሁ ነው። ፍሬው ሲበስል ከብርቱካንማ ወደ ቀይ ይሄዳል፤ እረኞች ሥጋውን በልተው ጸጉራሙን ዘር ይተፉታል። አበባው ላይ ዓይኑን የሚጥል ጥቂት ነው። አምስት ነጫጭ ቅጠሎች፣ መሀላቸው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ቢጫ፣ ቀረብ ሲሉት ደስ የሚል ሽታ ነው። ሳይንስ ሮዛ አቢሲኒካ ይለዋል፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያ ነው። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠቀስ አበባ ላኪ ናት። ከዝዋይና ከሆለታ እየተጫነ ወደ አውሮፓ የሚሄደው ጽጌረዳ በአብዛኛው ውጭ አገር የተዳቀለ ነው፤ አልሚውም ለአዳቃዩ ድርጅት የባለመብትነት ክፍያ ይከፍልበታል። የገዛ ጽጌረዳችን ደግሞ ማሳ ሲሰፋ ከቁጥቋጦው ጋር አብሮ ይመነጠራል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ቀጋ የአንድ ክልል ብቻ አይደለም የሚል ይሆናል። እውነት ነው፤ በኦሮሚያና በትግራይ ደጋዎች አለ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንም ይበቅላል። ግን አበባን መሰየም ወሰን ማካለል አይደለም። የአውስትራሊያው ኖርዘርን ቴሪቶሪ በ1961 እ.ኤ.አ. የሰየመው የስተርት የበረሃ ጽጌረዳ በአጎራባቾቹ ግዛቶችም የሚገኝ ቁጥቋጦ ነው፤ ስሙ ጽጌረዳ ይሁን እንጂ ዘመዱ ጥጥ ነው። ከ1978 ጀምሮ የግዛቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ተቀምጧል፤ የእኛን ወሰዳችሁ ብሎ የተጣላቸው ጎረቤት የለም። (ሰንደቁ ላይ ሰባት ቅጠል ተሥሎለታል፤ ስድስቱን ክፍለ ግዛቶችና ራሱን ግዛቱን እንዲወክል ተብሎ ነው። ተፈጥሮ የሰጠችው አምስት ነው። እኛ ስንሥል ባንጨምርበት ይሻላል።)

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፦ አገር በቀል ምልክት ከተፈለገ ጅባራ እያለ ስለምን ቀጋ? ጅባራ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ፣ በሰሜን ተራሮች ላይ ግርማ ሞገሱ የሚያስደንቅ ተክል ነው። ነገር ግን የሚኖረው ውርጭ ባለበት ከፍታ ላይ ነው፤ የክልሉ ሕዝብ አብዛኛው በፎቶግራፍ እንጂ በዓይኑ አላየውም። ለቱሪስት ፖስተር ጅባራ ያምራል። የክልል አበባ ግን ሰው ደጁ ላይ የሚያየው፣ ልጆች የሚለቅሙት መሆን አለበት። አደይም ቢሆን የመላው አገር የዘመን መለወጫ አበባ ናት፤ ለአንድ ክልል ልንቆርሳት አይገባም።

ሰላም በታጣበት፣ ኑሮ በከበደበት ጊዜ ስለ አበባ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉም አሉ። ይህን ቅሬታ አላቃልለውም፤ የቀጋ ስያሜ የማንንም ራት አያበስልም። ሆኖም ከምክር ቤቱ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ውሳኔ ነው። ችግኝ እንደሆነ በየክረምቱ እናፈላለን፤ ጥያቄው ምን እናፍላ የሚለው ነው። ቀጋ ቦይ ዳር ቢተከል አፈር ይይዛል፣ ከብት ይከለክላል፣ ንብ ይቀልባል። ዘሩ ለመብቀል ስለሚዘገይ ግን ካልታዘዘ በቀር የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ በራሱ አይመርጠውም።

ስለዚህ ምክር ቤቱ ሲሰይመው አንድ አንቀጽ ይጨምርበት፦ የክልሉ የችግኝ ጣቢያዎች በየዓመቱ ቀጋ እንዲያፈሉ፣ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም አጥራቸው ላይ እንዲተክሉት። ያ አንቀጽ የማይገባ ከሆነ ስያሜውም ይቅር።